ለማን፣ ምን፣ እስከ መቼ? የመንግሥት ፋይናንስ ሶፍትዌሮችና የተጠቃሚዎች ሥልጣን ኦዲት

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዘዞ አለፍ ብላ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቢሮ ወንበር ቢገዛ፣ ክፍያው የሚያልፍበት ሥርዓት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ክፍያ በመሠረቱ የሚለይ አይደለም። የሥራ ክፍሉ ይጠይቃል፤ በጀት መኖሩ ይረጋገጣል፤ የክፍያ ሰነድ ይዘጋጃል፤ ሰነዱን ያላዘጋጀ ሌላ ሠራተኛ ይመረምረዋል፤ ኃላፊ ያጸድቀዋል፤ ገንዘብ ያዥ ይከፍላል፤ በመጨረሻም በሒሳብ መዝገብ ይሰፍራል። የሚለየው የሰው ብዛት ነው። በሚኒስቴሩ በሰባትና በስምንት ሠራተኞች መካከል የሚከፋፈለው ሥራ በአነስተኛ ከተማ በሦስት ወይም በአራት ሰዎች እጅ ይወድቃል። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ ሌላው ለሥልጠና ሲሄድ ደግሞ በሁለት።

ሥራው በወረቀት ይከናወን በነበረበት ዘመን ይህንን ክፍተት ለማየት ብዙ ብልሃት አያስፈልግም ነበር። ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው የሚሉት ሦስት መስመሮች በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት ተሞልተው ከተገኙ ኦዲተሩ ወዲያው ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን የእጅ ጽሕፈት የለውም። በሶፍትዌር ውስጥ አዘጋጁን ከአጽዳቂው የሚለየው የተጠቃሚ መለያው፣ የይለፍ ቃሉና ለዚያ መለያ የተሰጠው የሥራ ሥልጣን ብቻ ነው። ሦስቱንም የይለፍ ቃሎች የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ካለ በሥርዓቱ መዝገብ ላይ ሦስት ሰዎች ሠርተው ይታያሉ። ሪፖርቱ ንጹሕ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን የለም።

የተጠቃሚዎች ሥልጣን ኦዲት የሚባለው ሥራ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሒሳቡን ድምር ሳይሆን ወደ ሒሳቡ የሚያስገባውን በር ይመረምራል። ለማን ተፈቀደ፣ ምን እንዲሠራ ተፈቀደ፣ እስከ መቼ ተፈቀደ፣ የፈቀደውስ ማን ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ያነሳል።

የጥያቄው መሠረት ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የንጉሡን ንብረት የሚጠብቅ በጅሮንድ የተሰኘ ሹም እንደነበረ ይታወቃል። ጎንደርም ግምጃ ቤት የሚለውን ቃል በነገሥታቱ ግቢ አካባቢ ባለችው በግምጃ ቤት ማርያም ስም ሳይቀር ጠብቃ ያቆየች ከተማ ናት። ቅርብ ወደሆነው ዘመን ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዕቃ ለመጠየቅ ሞዴል 20፣ ወጪ ለማድረግ ሞዴል 22፣ ገቢ ለማድረግ ሞዴል 19 እንደሚሞላ ያውቃል። ጠያቂው ራሱ ወጪ አድራጊ ሊሆን አይችልም። ቼክም በጣምራ ፊርማ ካልሆነ ከባንክ አይመነዘርም። እነዚህ ቅጾች አሰልቺ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው የሥራ ክፍፍልን በወረቀት ላይ የሚያስገድዱ መሣሪያዎች ናቸው። ጥያቄው ወረቀቱ ወደ ሶፍትዌር ሲለወጥ ያ ግዴታ አብሮ ተሸጋግሯል ወይስ በመንገድ ላይ ቀርቷል የሚለው ነው።

ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር

በ1980ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ራሱን የቻለ ንዑስ ፕሮግራም ሆኖ መቀረጹ ይታወሳል። በዚሁ ንዑስ ፕሮግራም ሥር በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ የተካሄደው ፕሮጀክት የበጀት አመዳደቡንና የሒሳብ አያያዙን ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ አመዘጋገብ ከማሸጋገሩም በላይ፣ አይቤክስ በሚል አጠራር የሚታወቀውን የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር ለአገሪቱ ሁኔታ እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጅቷል። የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራቱ ትላልቅ ክልሎች በ1994 እና በ1995 ዓ.ም ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ የበጀት ድልድል አብሮ ወርዷል። በወረዳ ደረጃ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የተሟላ የሒሳብ ክፍል ማደራጀት ስለማይቻል የበርካታ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በጋራ የሚሠራበት፣ በተለምዶ ፑል የሚባለው አደረጃጀት ተዘረጋ።

ፑል በቁጠባ ረገድ ትክክለኛ መፍትሔ ነበር። ባለሙያ በሌለበት ባለሙያን ማካፈል ይሻላልና። ነገር ግን በተጠቃሚ ሥልጣን ረገድ አንድ ውጤት አስከትሏል። የትምህርት፣ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ገንዘብ በአንድ ክፍል ውስጥ በተቀመጡ ጥቂት ሠራተኞች መለያ ስም ይንቀሳቀሳል። በጀቱ የእኔ ነው የሚለው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሥርዓቱን በዓይኑ አያየውም፤ ሥርዓቱን የሚያየው የፑል ሠራተኛ ደግሞ ወንበሩ መግባቱን ወይም መምህሩ በሥራ ላይ መሆኑን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ወረቀቱ ነው። ስለሆነም በእንዲህ ዓይነት አደረጃጀት የወረቀቱን ፊርማ ከሶፍትዌሩ መዝገብ ጋር ሳያመሳክር የሚደረግ ኦዲት ግማሹን ብቻ ያየ ይሆናል።

በፌዴራል ደረጃ ተከትሎ የመጣው ኢፍሚስ የተሰኘው የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት የኦራክል ኩባንያ ትላልቅ ድርጅቶች እንዲገለገሉበት ባዘጋጀው የንግድ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው። በጀት፣ ግዥ፣ ክፍያ፣ ንብረትና ጠቅላላ ሒሳብ በአንድ ዳታቤዝ ይገናኙበታል። ቅንጅቱ ጥቅም እንዳለው ሁሉ አደጋም አለው። ቀደም ሲል የግዥ ሠራተኛው የሒሳብ መዝገቡን ለመንካት ወደ ሌላ ክፍል መሄድ፣ መሳቢያ ማስከፈት ይጠበቅበት ነበር። በተቀናጀ ሥርዓት ውስጥ ግን የሚለያቸው ግድግዳ አንድ የሥልጣን ምልክት ነው። ምልክቱን በስህተት ያኖረ ሰው ግድግዳውን አፈረሰ ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህም ጥያቄው ጨረታ ከፋቹ፣ ገምጋሚውና ውሳኔ ሰጪው በተለያየ መለያ መግባታቸውን ወደ ማረጋገጥ ተሸጋግሯል።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመረቀው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ያራምደዋል። ተገልጋዩ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሳይንከራተት የበርካታ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ሥፍራ እንዲያገኝ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ በቂ የመግቢያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በቂ የሚለው ቃል ልክ ሲያልፍ ግን የብዙ መሥሪያ ቤቶችን መዝገብ በአንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይሆናል። አገልግሎቱን ያቀላጠፈው ነገር ራሱ ጥንቃቄውን እጥፍ ያደርገዋል።

ኦዲተሩ ምን ይጠይቃል?

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከሶፍትዌሩ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ከሰው ሀብት አስተዳደር ደግሞ የሠራተኞች ዝርዝር ይመጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። በጡረታ የተሰናበተ፣ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ፣ ሥራ የለቀቀ ወይም ያረፈ ሠራተኛ መለያ እስከ አሁን ክፍት ሆኖ ከተገኘ ባለቤት የሌለው ቁልፍ በር ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። በትላልቅ የንግድ ሶፍትዌሮች ውስጥ የተጠቃሚ መለያ እንዲሁ አይሰረዝም፤ የቀድሞ ሥራውን የሚያሳየው መዝገብ እንዳይጠፋ የማብቂያ ቀን ተሰጥቶት ይዘጋል። ስለዚህ ኦዲተሩ የሚፈልገው ስሙ መኖሩን ሳይሆን የማብቂያ ቀኑ ባዶ መሆኑን ነው። የመጨረሻው መግቢያ ቀን ከመልቀቂያ ደብዳቤው ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከአስተዳደር ጉድለት አልፎ ወደ ምርመራ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በእጃቸው ያለ ዝግጁ መሣሪያ አላቸው፤ ክሊራንስ። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ከንብረት ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍል፣ ከመዝገብ ቤት ዕዳ እንደሌለበት ሳያስፈርም አይሰናበትም። አንድ ሠራተኛ ያልመለሰው የወረቀት መብሻ እንዳለ እስኪጣራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የይለፍ ቃሉ መዘጋቱን የሚጠይቅ አንድ መስመር በቅጹ ላይ ለመጨመር ግን በጀትም ሆነ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ዝውውርም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው ከግዥ ወደ ክፍያ ሲዛወር አዲሱ ሥልጣን በማግሥቱ ይሰጠዋል፤ ሥራ እንዳይቆም ኃላፊው ራሱ ይጎተጉታልና። የድሮውን የሚነሳ ግን የለም፤ በመቅረቱ የሚጎተጉት ሰው የለምና። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ያገለገለ ታማኝ ሠራተኛ ያለፈባቸውን ክፍሎች ሁሉ ቁልፍ ይዞ ይገኛል። በሥርዓቱ ውስጥ ከፍተኛው ሥልጣን ከዋናው ኃላፊ ይልቅ በእንዲህ ዓይነቱ ነባር ሠራተኛ እጅ መገኘቱ ለኦዲተሮች አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው እርምጃ የማይጣጣሙ ሥልጣኖችን መለየት ነው። አቅራቢ ድርጅትን በሥርዓቱ የሚመዘግብ ሰው ክፍያ ማጽደቅ የለበትም፤ ቢችል የሌለ ድርጅት ፈጥሮ ሊከፍለው ይችላልና። የአቅራቢን የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚቀይርና ክፍያ የሚያዘጋጅ አንድ መሆን የለበትም። በደመወዝ መክፈያ ላይ አዲስ ስም የሚያስገባ ያንኑ መክፈያ ማጽደቅ የለበትም። ዕቃ መረከቡን የሚያረጋግጥ ክፍያ ማዘዝ የለበትም። የሒሳብ ማስተካከያ የሚመዘግብ ማስተካከያውን ራሱ ማጽደቅ የለበትም። ይህ ለሒሳብ ሠራተኞች ብቻ የሚነገር ጉዳይ አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። ፀዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ በየትኛውም ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ውጤት የሚያስገባና የገባን ውጤት የሚቀይር ሰው አንድ ከሆነ፣ የነገው ነርስ ወይም አዋላጅ ብቃት የሚመሰክረው ወረቀት በአንድ የይለፍ ቃል ላይ ቆሟል ማለት ነው።

በዚህ ደረጃ ልምድ የሌለው መርማሪ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። የሥልጣኑን ስም አይቶ ያልፋል። በኦራክልም ሆነ በመሰል ሶፍትዌሮች አንድ ሥልጣን በውስጡ የምናሌዎች ጥቅል ይይዛል፤ ምናሌው ደግሞ የተግባራት ጥቅል ነው። ስሙ ሪፖርት ለማየት ብቻ የሚል ሥልጣን፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለአስቸኳይ ሥራ ባስገባው ምናሌ ምክንያት የመመዝገብ ተግባር በሆዱ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩ መከናወን ያለበት እስከ መጨረሻው ተግባር ድረስ ወርዶ ነው። ይህ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ስሙን ብቻ አይቶ ማለፍ የካዝናውን መለጠፊያ አንብቦ ካዝናውን ቆጥሬአለሁ እንደማለት ነው።

ሦስተኛው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ጉዳይ ነው። ተጠቃሚ የሚፈጥር፣ የይለፍ ቃል የሚቀይርና ሥልጣን የሚሰጥ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ይህ ሰው ግን የፋይናንስ ሥራ መሥራት የለበትም፤ የፋይናንስ ኃላፊም የዚህን ሰው ሥልጣን ደርቦ መያዝ የለበትም። አምራቹ ሶፍትዌሩን ሲያስረክብ አብረው የሚመጡ ዝግጁ መለያዎች የይለፍ ቃላቸው መቀየሩ፣ ሥርዓቱን የተከለው የውጭ ድርጅት ባለሙያ መለያ ከርክክቡ በኋላ መዘጋቱ መረጋገጥ አለበት። ከሁሉም በላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ የሚይዘው የክትትል መዝገብ አስተዳዳሪው ሊያጠፋው በማይችልበት ሥፍራ መቀመጥ ይኖርበታል። ዳታቤዙን በቀጥታ መክፈት የሚችል ባለሙያ በሶፍትዌሩ የተዘረጋውን የማጽደቅ ሰንሰለት ሁሉ ከኋላ በር ሊያልፈው ይችላልና።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲሆኑ

የይለፍ ቃል መዋዋስ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ባሕር ዳር ነው፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። የመምህራን ደመወዝ መውጫ ቀን ደርሷል። ኃላፊው በስልክ የይለፍ ቃላቸውን ለሒሳብ ሠራተኛው ይነግራሉ፤ ደመወዙ ይወጣል፤ ሁሉም ያመሰግናል። የይለፍ ቃሉ ግን ከስብሰባው በኋላም አይቀየርም። በቀጣዩ ወር ስልክ መደወልም አያስፈልግም።

በወረቀቱ አሠራር ለዚህ የተቀመጠ መፍትሔ ነበረ፤ ውክልና። ኃላፊው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እከሌ ተክቶኝ ይፈርም ብለው በደብዳቤ ያሳውቃሉ፤ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ይደርሳል። ትላልቆቹ ሶፍትዌሮች ይህንኑ በጊዜ የተገደበ ውክልና በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ቀኑ ሲያበቃ ሥልጣኑ በራሱ ይመለሳል። ችግሩ የቴክኖሎጂ እጥረት አይደለም ቢባል ስህተት አይሆንም። ውክልና መስጠት ሥልጣን ማጣት የሚመስለው ኃላፊ የይለፍ ቃሉን አሳልፎ ሲሰጥ ግን ምንም ያጣ አይመስለውም። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በውክልና የተፈረመ ክፍያ የተወካዩ ኃላፊነት ነው፤ በተዋሱት የይለፍ ቃል የጸደቀ ክፍያ ግን በመዝገብ ላይ የባለቤቱ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ እንደነበሩ የሚመሰክርላቸው የአበል መጠየቂያቸው ብቻ ይሆናል።

የኬንያ ተሞክሮ ይህንን በጉልህ ያሳያል። እ.አ.አ. በ2015 በአገሪቱ ብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ 791 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ያለአግባብ መከፈሉ ሲጋለጥ፣ ክፍያው ያለፈው በዚያች አገር የተቀናጀ የፋይናንስ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ከምርመራው ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱም ክፍያውን ለማሳለፍ ያገለገለው የይለፍ ቃል የማን ነው፣ በዚያ የይለፍ ቃል የሠራውስ ማን ነው የሚለው ሆነ።

የማላዊው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እ.አ.አ. በመስከረም 2013 የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ዳይሬክተር በመኖሪያቸው በር ላይ በጥይት ቆሰሉ። ተከትሎ የመጣው ምርመራ ካሽጌት የሚል ስም የተሰጠውን ቅሌት አወጣ። በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የፎረንሲክ ኦዲት በስድስት ወራት ጊዜ ውስጥ ብቻ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሕዝብ ገንዘብ መመዝበሩን አመለከተ። አሠራሩ ሲታይ የተራቀቀ የኮምፒዩተር ሰርጎ ገብነት አልነበረበትም። የመግቢያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ክፍያ በሥርዓቱ ውስጥ ያዘጋጃሉ፤ ቼኩ ይታተማል፤ ከዚያ ግብይቱ ከሥርዓቱ ይሰረዛል። ሥርዓቱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አያገኝም፤ የባንክ መግለጫውን ያየ ሰው ግን ገንዘቡ መውጣቱን ያያል። ለጋሾች የበጀት ድጋፋቸውን አቋረጡ፤ ጉዳቱም ከተሰረቀው ገንዘብ በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት ቁጥጥሮች ብቻ በሥራ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ድርጊቱ በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ በታወቀ ነበር። አንደኛው የጸደቀን ግብይት መሰረዝ የሚችል ተጠቃሚ እንዳይኖር ማድረግ፣ ሁለተኛው የባንክ ማስታረቂያን ክፍያ በማያዘጋጅ ሰው በየወሩ ማሠራት ነው።

ችግሩ የድሃ አገሮች ብቻ አለመሆኑንም ማንሳት ተገቢ ነው። እ.አ.አ. በጥር 2008 የፈረንሳዩ ሶሲዬቴ ጄኔራል ባንክ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ እንዳጣ ሲያስታውቅ፣ ያልተፈቀደውን ግብይት የፈጸመው ሠራተኛ ወደ ንግዱ ክፍል ከመዛወሩ በፊት ግብይቶችን በሚከታተለው ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አሜሪካም ከኤንሮን ኩባንያ ውድቀት በኋላ እ.አ.አ. በ2002 ያወጣችው ሕግ የአክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ስለውስጥ ቁጥጥራቸው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ማስገደዱ፣ የተጠቃሚ ሥልጣን ኦዲትን ከኮምፒዩተር ክፍል አውጥቶ ወደ ቦርድ ጠረጴዛ አድርሶታል።

በአገር ውስጥ ብዙዎች የሚያስታውሱት የመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክስተት ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መፈጸማቸውንና 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያለአግባብ መወሰዱን አስታውቆ፣ አብዛኛውን ገንዘብ በማስመለስ ላይ መሆኑን በተከታታይ ገልጿል። ችግሩም ከውጭ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ከተደረገ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበረ አመልክቷል። ይህ ክስተት በቀጥታ የሠራተኞች የይለፍ ቃል ጉዳይ አይደለም፤ ከካሽጌት ጋር በአንድ ዓይን መታየትም የለበትም። ሆኖም የጎረቤት ጥያቄ ያነሳል። በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት ላይ ለውጥ የማስገባት ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ለውጡን የሞከረውስ ሌላ ሰው ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የተጠቃሚ ሥልጣን ኦዲት አካል ሆኖ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ማስረጃ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መድረስንም ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የድንጋጌው ሁለተኛ ክፍል የመንግሥት ሠራተኛውን በእጅጉ የሚመለከት ነው። ሠራተኛው መለያ አለው፤ ወደ ሥርዓቱ መግባቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከተሰጠው ፈቃድ ማለፉ ነው። ዐቃቤ ሕግ ይህንን ለማስረዳት የተሰጠው ፈቃድ ምን እንደነበረ ማሳየት ይኖርበታል። የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በቃል ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ወይም በሥራ መዘርዝሩ ያልተጠቀሰውን ሥልጣን ሶፍትዌሩ ለዓመታት ሲፈቅድለት ከኖረ፣ ተከሳሹ ሥርዓቱ ፈቅዶልኛል ለማለት መንገድ ያገኛል። በሌላ አነጋገር በመደበኛ ጊዜ ያልተደረገ የሥልጣን ኦዲት በፍርድ ቤት የማስረጃ ክፍተት ሆኖ ይመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የዜጎችን መረጃ የያዙ ተቋማት መረጃውን ማን ማየት እንደሚችል የመቆጣጠር ግዴታቸው ተጠናክሯል።

የምርመራው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በየደረጃው መልስ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የተቋቋመው የዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤትና የክልል አቻዎቹ በውጭ ኦዲትነት ይመረምራሉ። በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የአሁኑ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በሥርዓቶች ደኅንነት ላይ ይሠራል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን የውስጥ ኦዲት ነው። የውስጥ ኦዲተሩ ሥርዓቱን ለማየት የሚያስችል፣ ለመመዝገብ ግን የማያስችል የራሱ መለያ ሊኖረው ይገባል። የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከሚመረመረው ክፍል በወረቀት ታትሞ እንዲመጣለት የሚጠብቅ ኦዲተር የሚመረምረው የተመረጠለትን ነው።

የሥራ ክፍፍል በማይቻልበት ቦታስ?

እንግዲህ ወደ ትንሿ ከተማ ሲመለስ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። መመሪያው ስድስት ሰው ይጠይቃል፤ ያሉት ሦስት ናቸው። አዲስ መደብ ይፈቀድ ማለት ቀላል ነው፤ በጀቱ ግን ከወረዳው ድጎማ የሚቀነስ ነው፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አንድ የጤና ባለሙያ አለመቅጠር ሊሆን ይችላል። የምርጫው ክብደት ይህ በመሆኑ ሁሉንም ሥልጣን መለየት አለባችሁ የሚል የኦዲት ግኝት በየዓመቱ እየተደገመ መጻፉ ትርጉም የለውም።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሻለው ከሥራ ክፍፍሎች መካከል ፈጽሞ የማይታለፉትን መምረጥ ነው። ሦስት ሰዎች ካሉ አንዱ ያዘጋጅ፣ ሁለተኛው ያጽድቅ፣ ሦስተኛው ባንኩን ያስታርቅ። አቅራቢን መመዝገብና የባንክ ቁጥር መቀየር ከወረዳው ወጥቶ በዞን ወይም በክልል ፋይናንስ ቢሮ ደረጃ እንዲከናወን ሊደረግ ይችላል፤ በየዕለቱ የሚያስፈልግ ተግባር ባለመሆኑ ሥራ አያጓትትም። የሒሳብ ሰው ያልሆነ ነገር ግን ገንዘቡ የሚመለከተው ሰው፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ የደመወዝ መክፈያውን ስሞች በየወሩ አይቶ እነዚህ በሥራ ላይ ያሉ መምህራኖቼ ናቸው ብሎ ይፈርም። ርዕሰ መምህሩ ስለ ሶፍትዌር ምንም ላያውቅ ይችላል፤ የሌለ መምህር ስም ሲያይ ግን ከማንኛውም ሥርዓት በፊት ያውቀዋል።

መብራትና መስመር የሚቆራረጥበት አካባቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስመሩ ሲመለስ የተጠራቀመውን ሥራ በአንድ ምሽት ለማስገባት አንድ ሠራተኛ በሦስቱም መለያዎች ሲሠራ ማምሸቱ የሚጠበቅ ፈተና ነው። ኦዲተሩ ይህንን ለማየት ከባድ መሣሪያ አያስፈልገውም። የተዘጋጀበትንና የጸደቀበትን ሰዓት ከአንዱ ኮምፒዩተር አድራሻ ጋር ያስተያያል፤ አርባ ክፍያዎች በአንድ ኮምፒዩተር፣ በደቂቃዎች ልዩነት ተዘጋጅተው ከጸደቁ ኃላፊው አርባ ሰነድ አንብበዋል ብሎ የሚያምን አይኖርም።

የዚህ ኦዲት ጊዜ ከበጀት ዓመቱ ጋር ቢያያዝ የሚመረጥ ነው። ሰኔ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ ያልተከፈለ የሚከፈልበት፣ ጥድፊያ የበዛበት ወር በመሆኑ የሥልጣን መላላት በብዛት የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ አዲሱ በጀት ወደ ሥርዓቱ ከመጫኑ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ኃላፊ የሠራተኞቹን ስምና ሥልጣን የያዘ ዝርዝር ተቀብሎ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ይቀጥል ወይም ይነሳ ብሎ በእጁ ጽፎ ለውስጥ ኦዲት ሊመልስ ይችላል። ሁሉም መስመር ላይ ይቀጥል ተብሎ የተመለሰ ዝርዝር ለውስጥ ኦዲተሩ የመጀመሪያው የምርመራ ናሙና ይሆናል።